ማተቤና የማክሰኞው ማኅበር

ያን ቀን ጠዋት የቤቱ ቁልፍ ክር ከማተቤ ጋር ተጠላልፎብኝ እሱን እየፈታሁ ነበር። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ በጥፍሬ። ማተቤ ጥቁር ክር ነው፣ መስቀሏም ትንሽ የብር መስቀል ናት። የቁልፉን ክር ካሮጌ ጫማሽ ማሰሪያ ቆርጠሽ ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽ፤ "እማማ፣ ይሄ ካንገትሽ አይውረድ፣ ሻወር ስትገቢም" ብለሽ። ሁለቱ አንድ አንገት ላይ ሲውሉ ሲያድሩ ይተበተባሉ። ሌላ ቀን ቢሆን አንቺ ስትመጪ ትፈቺልኛለሽ ብዬ እተወው ነበር። ያን ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ድምፄን ሊቀዱኝ ነው። መስቀሏን ቀሚሴ ውስጥ ልክተታት ወይስ ላውጣት እያልኩ ስጨነቅ ሰንብቼ፣ እጄ ሥራ ቢያገኝ ይሻላል ብዬ ክሩን ያዝኩ። ክሩ ግን አልፈታ አለኝ።

ነገሩን ከበሩ ልጀምር። ሁሉም የመጣው በበሩ ነው።

እናትሽ ገና ሳይነጋ ፓልምስ የሚባል ሰፈር ትሄዳለች፤ እዚያ አንድ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታበላለች። አባትሽ በርባንክ ኤርፖርት ፓርኪንግ ነው። አንቺ ኮሌጅ። እኔን ያመጡኝ አንቺንና ወንድምሽን ላሳድግ ነበር። አሳደግኩ። ካደጋችሁ በኋላ ምን እንደምሠራ ያሰበ ሰው የለም፣ እኔም ራሴ አላሰብኩትም።

የዚህ አገር በር ደግሞ ከኋላሽ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ብዬ ወጣ አልኩ፤ ነፋስ በሩን ገፋው፣ ቀጭ አለ። በቤት ጫማ፣ ነጠላ ሳልደርብ፣ አባትሽ እስኪመጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የሚወጣው የሚወርደው "ሃይ" ይለኛል፤ እኔም "ሃይ" እላለሁ። ከዚያ ሌላ ምን ልበል? ሽንቴ መጥቷል፤ ሽንቴ መጣ የሚባለውን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። ያን ቀን የሆንኩትን እግዜር ይወቀው። እናትሽ ማታ መጥታ ስትሰማ አለቀሰች። "እማዬ፣ ሁለተኛ በሩን እንዳትከፍቺ። ሶሪ፣ ግን ሥራ ላይ ሆኜ አንቺን ሳስብ ልቤ ይቆማል" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አልከፈትኩም። ማንም አልቆለፈብኝም፣ ይሄንን ደህና አድርገሽ ጻፊው፣ እናትሽን እንዳያሙብኝ። እስር ቤት ቢሆን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ አለ። እዚህ መክፈቻው ከኔ ጋ ነው፣ እጄ ግን ወደሱ አይሄድም። በመስኮት መኪና አያለሁ። ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። መንገዱን ተሻግሮ ያለው የኛ ሰዎች ምግብ ቤት ሲከፈት የወንበሩን ድምፅ እሰማለሁ፤ ድምፁን ብቻ።

በበሩ መቃን ላይ፣ ስትገቢ በቀኝ በኩል፣ ከጣት ረዘም የምትል ነገር ዘመም ብላ ተቸንክራለች። ቀለም ቀቢዎቹ በላይዋ ላይ ደጋግመው ቀብተዋት ከመቃኑ ጋር አንድ ሆናለች። አባትሽ "የድሮ ደወል ነው" ብሎኝ ትቼው ነበር። ፊት ለፊታችን ያለችው ባልቴት በር ላይም ግን እንደሱ ያለች አለች፤ እሷ በወጣች በገባች ቁጥር በጣቷ ትነካትና ጣቷን ትስማለች። በበሩ ቀዳዳ አይቼ ነው አንቺን የጠየቅኩሽ። ስልክሽን አየሽና "እማማ፣ መዙዛ ይባላል። የአይሁድ ነው። ውስጡ ብራና ተጠቅልሎ አለ፣ የእግዚአብሔር ቃል የተጻፈበት። ከኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ትተውት ሄደው ነው" አልሽኝ።

ብራና? የእግዚአብሔር ቃል? እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ባጠገቡ ቆሻሻ ይዤ ስመላለስበት?

ከዚያን ቀን ጀምሮ መሳለም ያዝኩ። የቤተ ክርስቲያንን ደጅ፣ መቃኑን ሳይሳለም የሚያልፍ ማን አለ? መግባት ያልቻለ እንኳ ከውጭ ተሳልሞ ነው የሚሄደው። እናትሽ ከወጣች በኋላ በሩን ከፈት አደርግና እንዳይዘጋብኝ ተረከዜን እደግፍበታለሁ። ወጣ እላለሁ፣ ግንባሬን አስነካለሁ፣ እስማለሁ፣ እገባለሁ። የቀኑ መውጣቴ እሷው ነበረች፤ አንድ እግሬ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ።

ባልቴቷ ለካ ስታየኝ ኖራለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ አንቱ ልላት ይገባ ነበር፤ በምን ቋንቋ ልበላት? ብቻዋን ናት፤ ልጇ ኒውዮርክ ነው። ባለ አራት እግር ምርኩዝ ብረት እየተደገፈች ነው የምትሄደው። እሷ ያየችው መሳለሜን ብቻ አይደለም። ቅዳሜ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እንደማልወርድ አይታለች፤ ቀዳሚት ሰንበት ናት፣ አላጥብም። አንድ ጊዜም የሕንፃው ሰዎች ግቢ ውስጥ ሥጋ ሲጠብሱ "ፖርክ ነው" ሲሉኝ እጄን ሰበሰብኩ፤ እሷም አጠገቤ እጇን ሰበሰበች፤ ተያየን።

አንድ ጠዋት ተረከዜን በሩ ላይ አድርጌ ስሳለም ብረቷን እያንኳኳች መጣች። በጣቷ መዙዛዋን ጠቆመች። ራሷን ጠቆመች። ከዚያ እኔን ጠቆመችና "ዩ?" አለች። የእግዚአብሔርን ቃል ታከብሪያለሽ ወይ ማለቷ መሰለኝ። ራሴን ነቀነቅኩላት፣ "የስ" አልኩ። ጉንጬን በእጇ ያዘችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔም እንዲህ የምትወደኝ ምን አድርጌላት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ በሩን በብረቷ አንኳኳችው። "ካም" አለችኝ። የቁልፉን ነገር ያመጣሽው ያን ጊዜ ነው፤ ሌክቸር የለኝም ብለሽ ቤት ነበርሽ። "እማማ ሂጂ፣ እኔ ለማሚ እነግራታለሁ" ብለሽ ክሩን አንገቴ ላይ አጠለቅሽልኝ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ክንዴን ግጥም አድርጋ ያዘችው፣ ብረቷን እኔ በሌላ እጄ ተሸከምኩላት። እሷ ክንድ ፈልጋለች፣ እኔ በር።

የወሰደችኝ ከፌርፋክስ መንገድ ወደ ላይ አለፍ ብሎ ያለ የአንድ አሮጌ አዳራሽ ኋላ ክፍል ነው። ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ ጥቂት ወጣቶች፣ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዳቦ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በብርጭቆ ሻይ። እኔ ማኅበር እለዋለሁ። ጠላና ዝክር የለውም እንጂ ማኅበር ነው።

የሚናገሩት ይዲሽ ነው። አንቺ እንዳስረዳሽኝ፣ ካውሮፓ የመጡት አይሁዶች የቤት ቋንቋ ነው። የሚጸልዩት በዕብራይስጥ፤ የሚገበያዩት፣ የሚሰዳደቡት፣ ልጅ የሚያባብሉት ግን በይዲሽ። ተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ በዚያ በትልቁ ጦርነት ተጨፈጨፉ። የተረፉትም እዚህ መጥተው ልጆቻቸው ልክ እንዳንቺ በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸው ጀመር። ኒውዮርክ በኩል አጥባቂዎቹ ዛሬም ልጆቻቸውን በሱ ያሳድጋሉ፤ ሌላው ዓለም ደግሞ ዩኒቨርስቲ ገብቶ ይማረዋል አልሽኝ። ጎረቤቴ በልጅነቷ በይዲሽ ቴአትር መድረክ ላይ ትወጣ ነበር። ፎቶዋን አሳይታኛለች፤ የወንድ ኮፍያ አድርጋ፣ እጇን ወገቧ ላይ።

እዚያ የሚሠሩት ይኼንን ነው፤ የድሮ ቴአትር አውጥተው፣ ወረቀቱን ተከፋፍለው፣ አንዱ አባት፣ አንዷ ሙሽራ፣ አንዱ ደላላ ሆነው ጮክ ብለው ያነባሉ። በበጋ ለሰው ሊያሳዩት ይለማመዳሉ። በመሃል አንድ ቃል ላይ ይጣላሉ። አንዷ እንዲህ ነው የሚባለው ስትል ሌላው በኛ አገር እንዲህ ነው ይላል፤ ጎጃሜና ሸዌ ባንድ ቃል ሲሳሳቁ እንደማለት። ከዩኒቨርስቲ የምትመጣ አንዲት ወጣት አለች፣ ኮሪያዊት፤ ይዲሽ የምታስተምር፣ የሽማግሌዎቹን አነጋገር የምትሰበስብ። መጽሐፍ ላይ ያለውን አነጋገር ስትነግራቸው ሁሉም ባንድ አፍ ይጮኹባታል። እሷ አትከራከርም። የመጽሐፉንም የነሱንም ትጽፋለች፣ ከዚያ "የእናትህ ቤት ሰዎችስ እንዴት ይሉት ነበር?" ብላ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ የጮኸው ሰውዬ ዝም ይልና ስለ እናቱ ያወራል።

እናትሽ "እማዬ፣ አንድ ቃል ሳይገባሽ እንዴት ሁለት ሰዓት ትቀመጫለሽ?" ትለኛለች። እኔ እኮ ግዕዝ እየሰማሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቅዳሴ ላይ ቃሉ ሳይገባኝ መቼ እንደምሰግድ፣ መቼ እንደማለቅስ የማላውቅ መሰላት? ንባብ ማዳመጥ ሌላ ነው። ድምፁ ሲወርድ፣ የሰዉ ትከሻ ሲሰበሰብ፣ ማን ሊሞት እንደሆነ ይገባኛል። ኮፍያውን የማያወልቅ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ አለ፣ ደላላውን የሚያነበው፤ እሱ ቀልዱን ሳይጨርስ እስቃለሁ። እሱም ደስ ይለዋል። ቴአትሩ ውስጥ ምድጃ ዳር የምትቀመጥ ዲዳ አያት አለች፤ እሷን ለኔ የሰጠኝ እሱ ነው። "በመጨረሻ አገኘናት፤ ከዚህ ቤት ዝም ማለት የሚችል አንድ ሰው እሷ ብቻ ናት" ብሎ፤ ኋላ አንቺ ነሽ የተረጎምሽልኝ። ሶ፣ ድርሻዬ ወንበር ላይ መቀመጥና የሙሽራዋ እናት ስትረግም ፊቴን ማዞር ነው። ደህና አድርጌ እዞርላቸው ነበር።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ማክሰኞ ሲደርስ ሰኞ ጀምሮ ነጠላዬን አጥፋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ኮሌጅ አልነበረሽም፣ አብረሽን መጣሽ። ጎረቤቴ አዲስ ለመጡ ሰዎች እጄን ይዛ ስታስተዋውቀኝ ሰማሽና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ "እማማ፣ ምን እያለች እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አልሽኝ።

"ጎረቤቴ ናት ትላለች።"

"እህቴ ናት እያለች ነው። ከኢትዮጵያ የመጣች አይሁድ ናት፣ እኛ አውሮፓ ሆነን የረሳነውን እነሱ ተራራ ላይ ጠብቀውታል እያለች ነው።"

ያ "ዩ?" ያለችኝ ጠዋት መጣብኝ። ሁዳዴ ገብቶ እንቁላሉን ስመልስባቸው ለሰዉ ምን እንዳወራችም ያን ጊዜ ገባኝ፤ የነሱ ሕግ ከኛ ይጠብቃል ብላ አሞግሳኝ ኖሯል።

"ልንገራቸው?" አልሽኝ።

"ዝም በይ።"

"እማማ—"

"ዝም በይ አልኩሽ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ መስቀሏን ቀሚሴ ውስጥ መክተት ያዝኩ። ቁልፉ ውጭ፣ መስቀሏ ውስጥ። ቤት ውስጥ ሳነሳው እናትሽ ቀለል አደረገችው። "ነኝ አላልሽም፣ አይደለሁም አላልሽም። ደም ግፊትሽ እንኳ ወርዷል። ተይው በቃ፣ ኢንጆይ አድርጊ" አለች። አባትሽ ደግሞ ያው ነው፤ "እትዬ፣ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ እኛንም እንዳይረሱን" እያለ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሁሉም ሲወጡ ግን ሳቁ አይቆይም። እኛ አገር የማይታመነውን ሰው ምን እንለዋለን? ማተብ የለሽ። እኔ አልበጠስኩትም፣ ሸሸግኩት እንጂ። ከበጠሰና ከሸሸገ ማን ይሻላል? ደግሞስ ብናገር? ብናገር ማክሰኞ ቀረ፤ ወደ ተረከዜ ተመለስኩ። ባልናገር እኔ ቀረሁ። ሳገላብጠው ብውል መውጫ የለውም። ድሮ ቤት ውስጥ ነበር የታሰርኩት፣ አሁን ደግሞ በወጣሁበት ታሰርኩ።

የአርቡ ደግሞ ባሰ። እነሱ አርብ ፀሐይ ከገባች እስከ ቅዳሜ ማታ መብራት አያበሩም፣ አያጠፉም። የማኅበሩ ሰዎች ብዙዎቹ ግድ የላቸውም፣ እሷን "ራቢዋ"፣ ቄሷ እንደማለት፣ እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷ ግን ትጠብቃለች። ቀድማ አንድ መብራት አብርታ ማደር ይገባት ነበር፣ እርጅና ነው ትረሳለች። መስኮቷ በግቢው በኩል ከኛ ሳሎን ይታያል። አርብ አርብ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ አያታለሁ። እሷ ካየችኝማ ብዬ እኔም የኛን መብራት አላበራም። እናትሽ ከሥራ ስትገባ ሶፋው ላይ እንደ ድመት በጨለማ አፍጥጬ ታገኘኛለች።

"እማዬ፣ መብራት ሄደ እንዴ?"

"አልሄደም።"

"ታዲያ?"

"ዓይኔን አሞኝ ነው።"

በመጨረሻ ኮሪያዊቷ አንቺን ጠየቀችሽ። የየቤቱ አያቶች ልጅ የሚያባብሉበትን፣ በር ላይ የሚሉትን፣ የሚጸልዩትን ትቀዳለች፤ የይዲሹን ቀድታ ጨርሳለች፣ የኔን ከጎኑ ማስቀመጥ ፈለገች። "ዩኒቨርስቲው ያስቀምጠዋል እማማ፣ ለሁልጊዜ" አልሽኝ። ለሁልጊዜ የሚለው ነው ያስጨነቀኝ። ማክሰኞ ያልፋል፤ ማክሰኞ የዋሸሁትን እግዜር ዝም ቢለኝ ይለኛል። ድምፄ ግን እኔ ከሞትኩ በኋላ እዚያ ቁጭ ብሎ ያልሆንኩትን ነኝ ሲል ሊኖር ነው።

ይኸው ያን ጠዋት ነው ክሩን ስፈታ የነበረው። አልተፈታም። ሁለቱንም ባንድ ላይ ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ወንበር ሰጡኝ፣ አንቺ ካጠገቤ። ማኅበሩ በሙሉ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ጎረቤቴ ከፊት ናት፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፣ የወርቅ ጌጧን ደረቷ ላይ ሰክታለች። ኮሪያዊቷ ማይኩን ነጠላዬ ላይ ሰካችና ጠየቀች፣ አንቺ ተረጎምሽ።

"መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ፣ ወገንሽ ማን እንደሆነ፣ የበሩን ቃል መሳም ማን እንዳስተማረሽ ንገሪን ትላለች።"

ጎረቤቴን አየኋት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች፤ ልጇ ሽልማት ሊቀበል የቆመ እናት ትመስላለች። እጄን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ክሩን ሳብኩት፤ መስቀልና ቁልፍ ባንድ ቋጠሮ ወጡ።

"ንገሪያቸው" አልኩሽ። "እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ማተቤ ይኸው። ወገኖቼም ክርስቲያኖች ናቸው። በር መሳለም የኛም ነው። የእግዚአብሔር ቃል አለበት ስትይኝ ተሳለምኩት፣ ሌላ ምንም የለበትም። ዝም ያልኩት ከቤት መውጫ ስላልነበረኝ ነው።"

ቀስ ብለሽ ተረጎምሽው። ያች ትንሽ መቅጃ ማሽን ቀይ መብራቷን እንዳበራች ናት። ከዚያ ኮፍያው ያለው ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን አየው።

"መስቀሉስ እሺ" አለ፤ "ቁልፉ የማን ሃይማኖት ነው?"

ሰዉ ሳቀ። ኮሪያዊቷም ሳቀችና እኔም እኮ ክርስቲያን ነኝ፣ አባቴ ፓስተር ነው አለች። ይሄንን ስትተረጉሚልኝ አላመንኩሽም።

"አይሁድ አይደለችም እንዴ?"

"እማማ፣ ኮሪያዊት ናት እኮ።"

"ኢትዮጵያዊ አይሁድ ካለ ኮሪያዊ አይሁድ ለምን አይኖርም?"

ለሰዉ ተረጎምሽው፣ ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። ሽማግሌው "ልክ ናት፣ እኔ ራሴን እንኳ መጠራጠር ጀምሬያለሁ" አለ። ዳቦ ሰጡኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ። ለነሱ ነገሩ እዚያው አለቀ። ያን ሁሉ ጊዜ የታሰርኩበት ገመድ እነሱ ያላሰሩት ነበር።

ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም። ብረቷን ይዛ ተነሣች። ክንዴን ዘረጋሁላት፤ አላየችውም። መንገዱን እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እንደማይተዋወቅ ሰው ሄድን። ደረጃው ሥር ስትደርስ ብረቷን ትታ መደገፊያውን በሁለት እጇ ያዘች፤ አንድ ደረጃ ትወጣለች፣ ታርፋለች። ብረቷን ተሸክሜ ተከተልኳት፣ በሯ ላይ አቆምኩላት። መዙዛዋን ሳመች፣ ገባች፣ ዘጋች። ቀጭ።

የሚቀጥለው ማክሰኞ አላንኳኳችም። ነጠላዬን ለብሼ ጠበቅኩ። ከዚያ የቀጠለውም ማክሰኞ ዝም። ብቻዬን ልሂድ እንዳልል መንገዱን ያለሷ አላውቀውም፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ የት ልሂድበት? መሳለሙንም ተውኩት። ቃሉ የሷ ነው፣ ዝም ብዬ የሰው እጅ የምስም መሰለኝ። እንግዲህ ተረከዜም ከቤት አልወጣም።

አንድ ከሰዓት ድምፅ ሰማሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። እዚያ ማዶ ቴአትሩን ታነባለች፣ ብቻዋን። የሙሽራዋን እናት ነው፤ ትጮኻለች፣ ትረግማለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፤ የሽማግሌው ተራ ነው። ያ ዝምታ የት ድረስ እንደሚረዝም አውቀዋለሁ። ቀልዱ የሚያልቅበት ላይ ሳላስበው ሳቅኩ፣ በሩን ይዤ። የዲዳዋ አያት ቦታ ሲደርስም ዝም አለች። ዝምታ ከዝምታ በምን ይለያል ብትይኝ አላውቅም፤ ያ ግን የኔ እንደሆነ አወቅሁ። በጨለማው ኮሪደር በኩል፣ ማንም ሳያየኝ፣ ፊቴን አዞርኩ።

ሐሙስ ዕለት ነው የመጣችው። አንቺ ቤት ነበርሽ፣ ላፕቶፕሽ ላይ። በብረቷ ስታንኳኳ ሰማሁ። ከፈትኩ። መጀመሪያ የኛን መዙዛ ነካችና ጣቷን ሳመች፤ ከዚያ እኔን እያየች ቆመች። እኔም ተሳለምኩ። ያን ጊዜ ነው መናገር የጀመረችው፣ አንቺም እየሮጥሽ መጥተሽ የተረጎምሽልኝ።

"ተቀይመሻል?" አልኳት።

"ተቀይሜያለሁ እንጂ። ኒውዮርክ ለልጄ ደውዬ ስላንቺ ስንት ነገር ነግሬዋለሁ። አሁን ምን ልበለው?"

"እውነቱን በይው።"

"እሱን ካልኩትማ ጎረቤቶችሽን እንኳ መለየት አቅቶሻል፣ የሽማግሌ መጦሪያ እንወስድሻለን ይለኛል። ዝም ነው የምለው፣ እንዳንቺ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ደግሞ ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ። ያን ደረጃ ያለክንድ እንዴት ልውረደው?"

ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የአርቡን ነገርኳት። እሷን በመስኮት እያየሁ፣ መብራት ሳበራ ታየኛለች ብዬ፣ እኔም በጨለማ እቀመጥ ነበር አልኳት። ስትተረጉሚላት ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት፤ ብረቷን ያዝኩላት።

"እናቴ ክርስቲያን ጎረቤት ነበረቻት" አለች። "በሰንበት ምድጃውን የምታነድልን እሷ ነበረች፤ ለናንተ አልተከለከለም። እኔ እዚህ ክረምቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ሻይ በጨለማ ስጠጣ፣ አንዲት ክርስቲያን እዚያ ማዶ መብራቷን አጥፍታ ታየኛለች። እንግዲህ ስሚ። አብሪልኝ ብዬ ላዝሽ አልችልም፣ እሱም ክልክል ነው። በሬ ላይ ቆሜ 'ጨለማ ነው' ብቻ ነው የምለው፤ ከሰማሽ ሰማሽ። ማክሰኞ እንሄዳለን። አርብ ማታ ግን የትም እንዳትሄጂ።"